«የጉሮሮና የልብ ቻክራሽ ተዘግቷል» ለተባሉ ጠያቂ፦ ስለ ቻክራና ስለ ሚዛኑ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ኮምቦልቻ የምኖር መምህርት ነኝ። ከአንድ ዓመት ወዲህ ጉሮሮዬ ላይ የተቀረቀረ ነገር ያለ ይመስለኛል፤ ልቤ ያለ ምክንያት ይመታል፣ ከእንብርቴ በላይ ያቃጥለኛል፣ እንቅልፌም ተዛብቷል። ስለ ቻክራ የሚያስተምሩ ቪዲዮዎችን በስልኬ እከታተል ነበርና ለአንዱ አስተማሪ ብጽፍለት ‹የጉሮሮና የልብ ቻክራሽ ተዘግቷል፤ ገንዘብ ከላክሽ ከርቀት እከፍትልሻለሁ› አለኝ። እናቴ ክርስቲያን፣ አባቴ ሙስሊም ናቸው፤ ሁለቱም ነገሩ ባዕድ ነው ብለው ይሰጋሉ። ቻክራ በእርግጥ አለ? ካለስ በሚዛን የሚጠበቀው እንዴት ነው?»

እህቴ፣ አስቀድመው አብሽሩ። «ተዘግቷል» የሚለው ቃል ቢያስደነግጥም፣ ሰውን ሳያይና ሳይዳስስ፣ በጽሑፍ መልእክት ብቻ የሰውነቱን ውስጥ ሊያውቅ የሚችል ማንም የለም። የዘረዘሯቸው ስሜቶች ግን እውነተኛ ናቸው፤ ሊደመጡም ሊመረመሩም ይገባቸዋል። ደሴ ላይ በአእምሮ ጤና ሙያ የማገለግል፣ የአተነፋፈስና የተመስጦ ልምምዶችንም ለታካሚዎቼ የማስተምር በመሆኔ ጥያቄዎን ከሁለቱም ወገን እመልሳለሁ።

ቻክራ እንደ ጉበት፣ እንደ ኩላሊት ወይም እንደ ዕጢ በቀዶ ሕክምና የሚገኝ፣ በራጅና በአልትራሳውንድ የሚታይ፣ በደም ምርመራ የሚለካ የሰውነት ክፍል አይደለም። የጥንት የህንድ መምህራን ደቀ መዛሙርታቸው ሐሳባቸውን ከጀርባ አጥንት ግርጌ አንሥተው እስከ ራስ ቅል አናት ድረስ በየተራ እያሳረፉ እንዲመሰጡ ባዘጋጁት የውስጥ ካርታ ላይ ያለ የትኩረት ማዕከል ነው። ካርታው ሰው ሰውነቱን እንዲያዳምጥ ሲያግዘው ይጠቅማል። የበሽታ ስም ሆኖ ሲሠራበት ግን ይጎዳል፤ ጉሮሮም ልብም ሆድም የየራሳቸው የታወቁ ሕመሞች ስላሏቸው፣ «ቻክራ ነው» እየተባለ የሚያልፈው እያንዳንዱ ወር ሕመሙ ሳይታወቅ የሚቆይበት ወር ይሆናል።

ካርታው ከየት እንደመጣ ማወቅ ከብዙ ድንጋጤ ያድናልና ጥቂት ልዘርዝር። ቻክራ በሳንስክሪት መንኰራኵር ማለት ሲሆን፣ ሥርዓቱ መልክ የያዘው ታንትራ በሚባለው የህንድ የምሥጢርና የአምልኮ ትምህርት ውስጥ፣ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በመጀመሪያው ሺህ ዓመት ማብቂያ ገደማ ነው። በዚያ ዘመን ቁጥሩ እንኳ አንድ አልነበረም። የቡድሃ እምነት ታንትራዎች በእንብርት፣ በልብ፣ በጉሮሮና በራስ ላይ አራት ማዕከሎችን ሲቆጥሩ፣ ሌሎች አምስት፣ ሌሎች ስድስት፣ አንዳንዶቹም ከዚያ የበለጠ ይቆጥሩ ነበር። ዛሬ በየቪዲዮው የምናየው ስድስት ማዕከሎችንና በአናት ላይ ያለውን ሰባተኛ የሚቆጥረው ሥርዓት በዓለም የታወቀው፣ ፑርናናንዳ የተባለ የቤንጋል መምህር በ1577 እ.ኤ.አ. በጻፈው የሳንስክሪት ድርሰት ምክንያት ነው፤ ድርሰቱንም በካልካታ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበረው ጆን ዉድሮፍ በ1919 እ.ኤ.አ. ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ አሳተመው። የአውሮፓና የአሜሪካ ጸሐፊዎችም ተቀብለው የየራሳቸውን ሐሳብ ጨመሩበት።

ከተጨመሩት መካከል ዋነኞቹ ቀለሞቹ ናቸው። ከቀይ እስከ ሐምራዊ በቀስተ ደመና ቅደም ተከተል የተደረደሩት ሰባት ቀለሞች የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ እንጂ የጥንቱ ድርሰት አይደሉም። ዛሬ አረንጓዴ የሚባለው የልብ አበባ በ1577ቱ ድርሰት ቀይ ነው፤ ዛሬ ቢጫ የሚባለው የእንብርቱ ደግሞ እንደ ዝናብ ደመና የጠቆረ ነው። ስለዚህ «የልብ ቻክራ እንዲከፈት አረንጓዴ ድንጋይ ግዙ» የሚል ሰው የሚጠቅሰው ጥንታዊነት መሠረት የለውም። «ይህኛው የፍቅር፣ ያኛው የራስ መተማመን፣ ሌላው የመናገር ማዕከል ነው» የሚለው የሥነ ልቦና ክፍፍልም እንዲሁ ዘመን አመጣሽ ነው። እርስዎ የጠየቁት «ሚዛን» እንኳ በጥንቱ ትምህርት ዋና ዓላማ አልነበረም። የዚያ ትምህርት ፍላጎት በጀርባ አጥንት ግርጌ ተጠቅልላ ተኝታለች የሚሏትን ኩንዳሊኒ የተባለች ኃይል በማዕከላዊው መሥመር በሱሹምና አሳልፎ እስከ አናት ማድረስና ከዓለም እስራት ነፃ መውጣት ነበር። ከእንቅልፍ ማጣትና ከጭንቀት ለመገላገል የሚሻ ሰው ይህን ያህል መንገድ መሄድ አይጠበቅበትም።

ወሎ ላደገ ሰው ይህ ዓይነቱ የውስጥ ካርታ ፈጽሞ እንግዳ ሊሆን አይገባም ብዬ አምናለሁ። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሰው ከአራቱ ባሕርያተ ሥጋ፣ ማለትም ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውሃና ከመሬት፣ እንዲሁም ልባዊት፣ ነባቢትና ሕያዊት ከተባሉት ከሦስቱ ባሕርያተ ነፍስ እንደተፈጠረ ይነገራል። በእስልምና በኩል ደግሞ የሱፊ ሊቃውንት፣ በተለይ የነቅሽበንዲያ መንገድ ተከታዮች፣ ለጣኢፍ የሚሏቸውን ረቂቅ ማዕከሎች በደረት ላይና በግንባር ላይ ያመለክታሉ፤ ቀልብን (ልብን) ከግራ ጡት በታች፣ ሩህን (መንፈስን) በቀኝ በኩል ያደርጋሉ፤ ዚክርንም፣ ማለትም የአላህን ስም እየደጋገሙ ማውሳትን፣ በእነዚህ ስፍራዎች ላይ ያሳርፋሉ። ሦስቱን አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም። ምንጫቸውም፣ ዓላማቸውም፣ የሚያመልኩትም ይለያያል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ሰባት ባሕርያትና የህንዱ ሰባት ማዕከሎች በቁጥር ስለገጠሙ ብቻ አንድ ናቸው የሚል ቢገጥምዎ አይመኑት። የምለው ሰዎች በየዘመኑና በየእምነታቸው ሐሳባቸውን ለመሰብሰብ ሰውነታቸውን መያዣ አድርገዋል ነው።

ይሁንና ማዕከሎቹ ተቀመጡ የተባሉበት ስፍራ ብዙ የምንሰማው ነገር ያለበት መሆኑ እውነት ነው። ከጨጓራ በስተኋላ ትልቅ የነርቭ መረብ አለ፤ በልብ ዙሪያ፣ በጉሮሮና በዳሌ ውስጥም እንዲሁ። በአንጀታችን ግድግዳ ላይ ያሉት የነርቭ ሴሎች ከ100 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ከአንጎል ግርጌ ተነሥቶ በአንገት በኩል ወደ ልብ፣ ወደ ሳንባና ወደ ሆድ የሚወርደው ቬገስ የተባለው ነርቭ ደግሞ አብዛኞቹ ክሮቹ፣ 80 በመቶ ያህሉ፣ ከእነዚህ አካላት ወደ አንጎል ወሬ የሚያመላልሱ ናቸው። ሰው ሲያዝን አንጀቱ የሚላወሰው፣ ሲፈራ ልቡ የሚመታው፣ እንባውን ሲውጥ ጉሮሮው የሚታነቀው በዚህ መንገድ ነው። ይህ የቻክራን መኖር አያረጋግጥም፤ የጥንቶቹ መምህራን ትኩረታቸውን በእነዚያ ስፍራዎች ሲያሳርፉ ለምን ብዙ እንደተሰማቸው ግን ያስረዳል።

ከሰባቱ መካከል ለእርስዎ ጉዳይ የሚያስፈልጉት ሦስቱ ስለሆኑ ሌሎቹን ባጭሩ አልፋለሁ። የመጀመሪያው ሙላድሃራ በጀርባ አጥንት ግርጌ፣ ሁለተኛው ስቫዲሽታና በታችኛው ሆድ ይቀመጣሉ፤ በዚህ አካባቢ ከወሊድ በኋላ የሚቀር ሕመም፣ ሽንት አለመቆጣጠር ወይም የተዛባ የወር አበባ ያለባት ሴት የሚያስፈልጋት የማህፀን ሐኪም ነው። ስድስተኛው አጅና በቅንድቦች መካከል፣ ሰባተኛው ሳሃስራራ በአናት ላይ ነው። አጅናን በአንጎል ውስጥ ካለው ፒኒያል ከሚባል ትንሽ ዕጢ ጋር የሚያገናኙ ብዙ ናቸው፤ የዚህ ዕጢ የታወቀ ሥራ በጨለማ ጊዜ እንቅልፍን የሚያግዘውን ሜላቶኒን ማመንጨት ሲሆን፣ ሌሊት በስልክ ብርሃን ላይ ማፍጠጥ ይህንን ያውካል። ስለ ቻክራ የሚያስተምሩትን ቪዲዮዎች የሚመለከቱት ከመኝታ በፊት ከሆነ፣ ለእንቅልፍዎ የመጀመሪያው መፍትሔ ስልኩን ከመኝታ ክፍል ማውጣት ነው።

አሁን ወደ ጉሮሮ እንምጣ። ቪሹድሃ የሚሉት አምስተኛው ማዕከል በዚህ ስፍራ ነው። ምግብና ውሃ በደህና እየወረደ ጉሮሮ ላይ የተቀረቀረ ነገር መሰማቱ በሕክምና የታወቀ ነገር ነው፤ በጭንቀትና በሐዘን ጊዜ የጉሮሮ ጡንቻዎች ሲኮማተሩ፣ ወይም የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ ሲመለስ ይከሰታል። እርስዎ ከእንብርት በላይ ያቃጥለኛል ማለትዎን ስደምርበት ሁለተኛው ምክንያት ትኩረት ያሻዋል። ይሁን እንጂ በአገራችን ደጋማ አካባቢዎች እንቅርት የቆየ ችግር በመሆኑ፣ በአንገት ፊት ለፊት ያለው የታይሮይድ ዕጢ ሳይታይ መታለፍ የለበትም። ዕጢው አዮዲን ሲያጣ ያብጣል፤ በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው ደንብ ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት ያስገደደውም ለዚህ ነው። ጨዎን ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከፀሐይና ከእርጥበት አርቀው ያስቀምጡ፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ቢጨምሩት ደግሞ አዮዲኑ በሙቀት እንዳይባክን ይረዳል። መዋጥ ከከበደዎ፣ ክብደትዎ ከቀነሰ፣ ድምፅዎ ከሦስት ሳምንት በላይ ከጎረነነ ወይም በአንገትዎ ላይ በእጅ የሚዳሰስ እብጠት ካለ ምርመራው ለነገ አይባልም።

አናሃታ የሚባለው አራተኛው በደረት መካከል፣ በልብ አጠገብ ነው። ያለ ምክንያት የሚመታ ልብ ከጭንቀት ሊመጣ ይችላል፤ ከደም ማነስ፣ ከልብ ቫልቭ ሕመም፣ ወይም ከልክ በላይ ከሚሠራ ታይሮይድም ሊመጣ ይችላል። በተለይ ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው የመጨረሻውን ነው። ከልክ በላይ የሚሠራ ታይሮይድ ያለበት ሰው ልቡ ይመታል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ሙቀት አይችልም፣ እየበላ ይከሳል፣ አንገቱም ሊያብጥ ይችላል። በቪዲዮው አስተማሪ አነጋገር «የጉሮሮና የልብ ቻክራ ተዘግቷል» የተባለው ነገር በሕክምና ሲታይ የአንድ ዕጢ ሕመም ሊሆን ይችላል ማለት ነው፤ ይህም በቀላል የደም ምርመራ ይለያል፣ መድኃኒትም አለው። እርስዎ ይህ አለብዎ እያልኩ አይደለም፤ ሳይታይ ግን የለም ማለት አይቻልም። ዳገት ሲወጡ ደረት የሚጨብጥ ሕመም፣ ጋደም ሲሉ የሚብስ ትንፋሽ ማጠር፣ የእግር እብጠት ወይም ራስን መሳት ካለ ደግሞ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

ማኒፑራ የሚሉት ሦስተኛው በእንብርት አካባቢ ሲሆን በጥንቱ ድርሰት የእሳት ስፍራ ነው። ከእንብርት በላይ የሚያቃጥል ሕመም በአብዛኛው የጨጓራ ነው፤ ዋነኞቹ ምክንያቶችም ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያና ለራስ ምታትና ለወገብ ሕመም ከፋርማሲ እየተገዙ የሚወሰዱት እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች ናቸው። ባክቴሪያው በምርመራ ተለይቶ በተገቢው መድኃኒት ይጠፋል፤ መድኃኒቱን ግን እስከ መጨረሻው መውሰድ ግዴታ ነው። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ደም ካስመለሰ ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬድ ጉዳይ ነው። በአገራችን ልማድ ቡና ከበረካ ሳይደርስ አይነሣም፤ ማታ ላይ የሚጠጣ ጠንካራ ቡና ግን የልብ ምትንም እንቅልፍንም ሆድንም በአንድነት ይነካል። ጫትም ካለ እንዲሁ። ቡናውን ተዉት አልልም፤ ምግብ ከቀመሱ በኋላና ከቀትር በፊት ያድርጉት፣ ለሁለት ሳምንትም ለውጡን ይመዝግቡ።

በጥያቄዎ ያልጠቀሱት፣ እኔ ግን ልዘለው የማልችለው ነገር አለ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲደርስ በስፍራው የነበረ ሰው፣ ወይም ዘመዱን ያጣና በወጉ ለቅሶ ያልተቀመጠ ሰው፣ ከዓመታት በኋላ ሐዘኑ በሰውነቱ ሊናገር ይችላል። ጉሮሮ ይታነቃል፣ ልብ በትንሽ ኮቴ ይደነግጣል፣ ሆድ ይታወካል፣ ሌሊት በሕልም ይነቃል። ይህ ድክመት አይደለም፤ ሰውነት አደጋው እንዳላለፈ አድርጎ መጠበቁን አለማቆሙ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ካለብዎ ብቻዎን በቪዲዮ ፊት ተቀምጠው የሚፈቱት አይምሰልዎ። ሐዘንዎን ለሚያምኑት ሰው መናገር፣ ከቅሬው (ከእድሩ) ሰዎች ጋር መዋል፣ ወዳጃው (የዱዓው ስብሰባ) ወይም ጸሎቱ ባለበት መገኘት፣ ካልቀለለም የአእምሮ ጤና አገልግሎት ወደሚሰጥ ጤና ተቋም መምጣት ይረዳል። ሰው ሐዘኑን ከሰው ጋር ሲካፈል ጉሮሮው ሲላላ በሥራዬ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ይህንን የሚተካ ድንጋይም ቀለምም የለም።

ምርመራው እየተከናወነ ጎን ለጎን በየቀኑ ሊያደርጉት የሚችሉትን ልምምድ ልንገርዎ። ሚዛን ስል፣ የሰውነት የማንቂያና የማረፊያ ሥርዓቶች አንዱ ሌላውን ሳይውጥ መፈራረቃቸውን ማለቴ ነው። በዱካ ላይ ወይም በምንጣፍ ላይ ወገብዎን ቀና አድርገው ይቀመጡ፤ ዓይንዎን መጨፈን የማይመችዎ ከሆነ ከፊትዎ ባለው መሬት ላይ ያሳርፉት። በአፍንጫዎ እስከ አራት እየቆጠሩ ያስገቡ፣ እስከ ስድስት እየቆጠሩ ያስወጡ፤ በትንፋሹ መካከል ግን አየር አምቀው አይያዙ። መጀመሪያ ትኩረትዎን መቀመጫዎ መሬት በነካበት ቦታ ላይ ለአምስት ትንፋሽ ያሳርፉ፤ ከዚያ ወደ ታችኛው ሆድ፣ ወደ እንብርት በላይ፣ ወደ ደረት፣ ወደ ጉሮሮ፣ ወደ ቅንድብ መካከል፣ በመጨረሻም ወደ አናት ይውጡ። በየስፍራው የሚጠይቁት «ተዘግቷል ወይስ ተከፍቷል?» የሚለውን ሊሆን አይገባም፤ «ተጨብጧል? ሞቋል? ጸጥ ብሏል?» ብለው ያገኙትን ብቻ ያስተውሉ። ምንም ያልተሰማዎ ቦታ ካለም ጉድለት አይደለም፤ እልፍ ይበሉ። ጉሮሮ ላይ ሲደርሱ አፍዎን ዘግተው በአፍንጫዎ እንደ ንብ እያንጎራጎሩ ቢያስወጡ፣ ትንፋሹ ራሱ ይረዝማል፣ የታነቀው ጡንቻም ይላላል፤ ይህ በዮጋ ብራማሪ የሚባለው ልምምድ ነው። ሁሉም ከሰባት እስከ ዐሥር ደቂቃ ይወስዳል። ከምግብ በፊት ጠዋትና ማታ ቢያደርጉት ይበቃል።

ይህ ለምን እንደሚሠራ ደግሞ ግልጽ ነው። አየር ስናስወጣ በቬገስ ነርቭ አማካይነት የልብ ምት ይቀንሳል፤ ማስወጣቱ ሲረዝም ማረፊያው ይበረታል። በአራትና በስድስት የሚቆጠረው ትንፋሽ በደቂቃ ወደ ስድስት ይሆናል። በ2001 እ.ኤ.አ. በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የታተመ የጣሊያን ተመራማሪዎች ጥናት 23 ጤነኛ ሰዎችን መርምሮ፣ የካቶሊክ ምእመናን በመቁጠሪያ በላቲን የሚደግሙት የማርያም ጸሎትም ሆነ ማንትራ የሚባለው እየተደጋገመ የሚባል የዮጋ ቃል የሰዎቹን ትንፋሽ በደቂቃ ወደ ስድስት እንዳወረደው፣ የልብና የደም ግፊት መቆጣጠሪያቸውም እንደተሻሻለ አሳይቷል። ይህ ጥናት ለወላጆችዎም የሚነገር ነው። የትንፋሹን ጥቅም ለማግኘት የባዕድ ቃል መድገም ግዴታ አይደለም፤ እናትዎ በመቁጠሪያቸው፣ አባትዎ በሙስበሃቸው ተረጋግተው፣ ሳይጣደፉ ሲደግሙ ትንፋሻቸው ወደዚያው ልክ ሊወርድ ይችላል።

ስለ ወላጆችዎ ሥጋት ግን በእውነት መናገር አለብኝ፤ መሠረት የለውም ብዬ አላቃልለውም። በ1577ቱ ድርሰት በእያንዳንዱ ማዕከል የተሰየሙ አማልክት አሉ፤ በሙላድሃራ ብራህማ እንደሚቀመጥ ይነገራል፤ ላም፣ ቫም፣ ራም፣ ያም፣ ሃም የሚባሉት ድምፆችም የዚሁ አምልኮ ክፍል ናቸው። ስለዚህ «ሃይማኖት የለበትም» ብሎ የሚያስተምር ሰው ወይ አላነበበም፣ ወይ እየሸፈነ ነው። ከላይ የጻፍኩልዎ ልምምድ ድምፆቹንም ሥዕሎቹንም ትቶ ትንፋሽንና ማስተዋልን ብቻ የወሰደ ነው። ይህም ቢሆን ኅሊናዎን ከከበደው የንስሐ አባትዎን ወይም ሸኽዎን በግልጽ ይጠይቁ፤ የሰላም ልምምድ በቤት ውስጥ ጠብ እያስነሣ ሰላም ሊያመጣ አይችልምና።

ሊርቋቸው የሚገቡ ነገሮችም አሉ። ሆድን እየመቱ በፍጥነት መተንፈስን፣ ለረጅም ጊዜ ትንፋሽ ማመቅን፣ «ኩንዳሊኒን ለመቀስቀስ» ሌሊቱን ሙሉ መመሰጥን በቪዲዮ እየተከተሉ አይሞክሩ። እነዚህ ለነፍሰ ጡር፣ የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው አደጋ አላቸው። ከዚህ በፊት ድምፅ መስማት ወይም ከእውነታ መለየት ያጋጠመው ሰው ደግሞ በእንቅልፍ ማጣትና በጠነከረ ተመስጦ ሕመሙ ሊነሣበት ይችላል። ረጋ ያለውን ልምምድ ሲያደርጉም ወደ ውስጥ ማዳመጡ ድንጋጤን ከቀሰቀሰ፣ የጦርነቱ ምስል ከመጣ፣ አይታገሉት፤ ዓይንዎን ገልጠው እግርዎን መሬት ላይ ጠበቅ አድርገው፣ በክፍሉ ውስጥ የሚያዩትን አምስት ነገር በስሙ ይጥሩ፣ ከዚያም ተነሥተው ይራመዱ። ለእንዲህ ያለ ሰው የእግር ጉዞ ከመቀመጥ ይሻላል፤ እኛ ዳገትና ቁልቁለት ያልተነፈገን ሰዎች ነን።

ገንዘብ ለጠየቀዎ ሰው አይላኩ፤ የላኩትም ካለ ተጨማሪ አይላኩ። ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ «ቻክራዬ ተዘግቷል» ብለው አይጀምሩ፤ ጉሮሮዎ መቼ እንደሚብስና ምግብ እንደሚያግደው ወይም እንደማያግደው፣ ልብዎ በቀን ስንት ጊዜና በምን ሰዓት እንደሚመታ፣ ሆድዎ ከምግብ በፊት ወይስ በኋላ እንደሚያቃጥል፣ ክብደትዎ መቀነሱን፣ የወሰዷቸውን ማስታገሻዎች፣ እንቅልፍዎ ከመቼ ጀምሮ እንደተዛባና በዚያን ጊዜ በቤትዎ ምን እንደነበረ በወረቀት ጽፈው ይሂዱ። የአንገት ምርመራ፣ የታይሮይድና የደም መጠን ምርመራ፣ የጨጓራ ባክቴሪያ ምርመራ፣ የደም ግፊትና የልብ ምት መለካት፣ እንደ ሐኪሙ ውሳኔም ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግብ ምርመራ) ይታዘዝልዎታል ብዬ እገምታለሁ። ውጤቶቹ ሁሉ ደህና ሆነው ስሜቶቹ ከቀጠሉ፣ ወረቀቶቹን ይዘው ወደ አእምሮ ጤና ክፍል ይምጡ፤ የሚያሰጋ ነገር አለመኖሩ ታውቆ ስለሚመጡ ከዚያ በኋላ የሚሠራው ሥራ በእንቅልፍዎ፣ በሐዘንዎና በትንፋሽዎ ላይ ይሆናል።